የበረዶው ባሕር ትልና ያልተነገረው መርዶ

የወንድሜ ሥራ ትል ነው። ሌላ አጭር አገላለጽ አላገኘሁለትም። ለንደን ውስጥ በአንድ ትልቅ ሙዚየም ምድር ቤት ተቀምጦ፣ ከደቡብ ዋልታ ጥልቅ ባሕር የመጡ ትሎችን በማይክሮስኮፕ ያያል። ከዚህ በፊት ማንም ያላያቸውን ለይቶ ያወጣል፣ ይሥላቸዋል፣ መልካቸውን ይጽፋል፣ ስም ይሰጣቸዋል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እሱ ዘንድ የመጣሁ፣ ካምደን አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በጋሪ የምገፋ ሰው ነኝ። ስለዚህ ስለ ትሎቹ የምጽፈው እሱ የነገረኝንና በዓይኔ ያየሁትን ያህል ብቻ ነው።

እናታችን መርካቶ ክርና ቁልፍ ትሸጥ ነበር። ወንድሜ ዶክተር ሆነ ሲባል ገበያው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አላት። ከዚያ በኋላ ወገቡን የሚያመውም፣ ዓይኑን የሚያመውም ለልጅሽ ንገሪልን እያለ ሱቋ መምጣት ጀመረ። «የትል ዶክተር ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው?» ትለኝ ነበር በስልክ። «የሆድ ትል ነው? ይሉኛል። አይ፣ የባሕር ነው ስላቸው፣ ባሕርንም ያማታል እንዴ? ይሉኛል።» ከዚያ ትስቃለች። ስትስቅ ሳል ይቀላቅላታል።

ቤቷ ስልክ አልነበረም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጎረቤት ትሄዳለች፣ እኔ እደውልላታለሁ። ወንድሜም አጠገቤ ከሌለ ወሬዋን ከእኔ ነው የሚሰማው። ይህን የምጽፈው ኋላ የሚመጣው እንዲገባ ነው።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ወንድሜ ከሌሎች አጥኚዎች ጋር በመርከብ ወደ ደቡብ ዋልታ ሄደ። እዚያ በጋ የሚሆነው እዚህ ክረምት ሲሆን ነው። የሚቆየው ሦስት ወር ነበር። መርከቡ ላይ በሳተላይት የሚሠራ ስልክ ስለነበር፣ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ተራው ሲደርስ ለጥቂት ደቂቃ ይደውልልኝ ነበር። ድምፅ ሄዶ እስኪመለስ ክፍተት አለው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይጠብቃል። መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም እኩል እየተናገርን እንጋጭ ነበር። በኋላ ለመድነው።

ከጥምቀት በኋላ ነው። አንድ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ኬኒንግተን ሰፈር ያለው ቤታችን በር ተንኳኳ። የፖስታ ሰው መስሎኝ ከፈትኩ። ደረጃው ላይ ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። ከፊት እትዬ ነበሩ፣ እዚያው ሰፈር የሚኖሩ፣ እንደ እናት የሚያዩን የቤተ ክርስቲያናችን ሴት። ነጠላቸው ጥለቱ ወደ ላይ ተገልብጧል። ከኋላቸው አባባ ነበሩ። አገር ቤት መምህር የነበሩ፣ ለንደን መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ ከቶተንሃም በመጀመሪያው ባቡር የመጡ ሽማግሌ። ያን ሰዓት ያን ያህል ሰው በር ላይ ሲቆም ምን እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም። «ማን?» ብቻ አልኩ።

«እናትህ» አሉኝ እትዬ፣ ከመውደቄ በፊት ያዙኝ።

ደም ብዛት ነው ተባለ። ሱቋ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ ክር እየመረጠች ሳለ ነው የወደቀችው። ሦስት ቀን ሆኗታል፣ ተቀብራለች። አጎታችን ለእኔ ሳይሆን ለአባባ ነው የደወለው፣ ደንቡ እንደዚያ ስለሆነ።

ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ አልችልም። አለቀስን። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሲቀንስ እትዬ ወደ ማድ ቤት ጠሩኝ።

«ወንድምህ መቼ ይደውላል?»

«የፊታችን እሑድ።»

«እንዳትነግረው። አፈር ስሆን። ልጁ ባሕር ላይ ነው። ደግፎ የሚይዘው ሰው የለው፣ አብሮት የሚያለቅስ የለው። በፈረንጅ መሀል መርዶ ይሰማል እንዴ? ሲመጣ እኛው እንነግረዋለን።»

«ቢጠይቀኝስ? ሁልጊዜ ይጠይቃል እኮ።»

«ደህና ናት በለዋ» አሉ አባባ ከበሩ። «ነፍሷ ደህና ናት። ውሸት አይሆንብህም።»

እሺ አልኩ። ሰው እንዳይፈርድብኝ ብዬ ሳይሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ትክክል መስሎኝ ነው። ወንድሜ በዚያ በረዶ መሀል ብቻውን ሲጮህ ታየኝ። ባሕሩ ቅርብ ነው፣ አልኩ። ሰው ሐዘን ላይ ምን ያደርጋል አይታወቅም።

እሑድ ስልኩ ጮኸ። እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፣ እጄን ይዘው።

«ማሙሽ!» አለ። ቤት ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ማሙሽ ነኝ። «ጋሼ» አልኩት።

«ደህና ነህ? እማዬስ?»

«ደህና ናት።»

ያ ክፍተት መጣ። ድምፄ ባሕር እስኪያቋርጥ ጠበቅሁ። ቀድሞ ያማርረኝ የነበረው ክፍተት ያን ቀን ጠቀመኝ፤ እንባዬን የምውጥበት ጊዜ ሰጠኝ።

«እግሯን ያማት ነበር፣ ተሻላት?»

«ተሻላት።»

«ስማ! ስማኝማ! አገኘሁ!»

«ምን?»

«ትል ነዋ! እዚህ ሌላ ምን አገኛለሁ፣ ክትፎ?» ሲስቅ ከኋላው ሌሎች ሰዎች ሲጮኹ ይሰማል። «ሦስት ሺህ ሜትር ነው ጥልቀቱ። መረቡ ወርዶ እስኪወጣ ግማሽ ቀን። ጭቃውን በወንፊት ስናጥብ፣ እጄ በድኖ ምንም አይሰማኝም፣ አንድ ነገር አብረቀረቀ። ጸጉሩ ወርቅ ነው ማሙሽ! ዓይን የለውም። በእንደዚያ ያለ ጨለማ ውስጥ ወርቅ ለማን ብሎ እንደሚለብስ እንጃ። መጻሕፍቱን ሁሉ አየሁ፣ የለም። ማንም አላየውም። የኔ ነው።»

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩ።

«በእማዬ ስም ልሰይመው ነው። ስሟን ወረቀት ላይ ጽፌ ትሉ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ንገራት! አይ፣ ቆይ፣ አትንገራት። እኔ ነኝ የምነግራት። ስሜን ለትል! ብላ ስትስቅ መስማት አለብኝ። ምን ትል ይመስልሃል?»

እትዬ እጄን ጨበጡኝ። ምን እየተባለ እንደሆነ አያውቁም።

«ደስ ይላታል» አልኩ።

ከዋሸሁት ሁሉ ይህቺ ናት እስከ ዛሬ የምትቆጠቁጠኝ። ደህና ናት ማለቱን ሽማግሌ አዞኛል። ተሻላትንም እንደዚያው። ደስ ይላታል ያልኩት ግን ራሴ ነኝ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ወንድሜ ስለ ትል ሲያስብ የሚታየው ሌላ ነው፤ እሱ ከትል ጋር ነው የሚውለው፣ ውበቱን ያያል። እኛ ዘንድ ግን ትል ማለት የታወቀ ነው። አፈር ማለት ነው፣ መቃብር ማለት ነው። እናቴ አፈር ከገባች ስምንተኛ ቀኗ ነበር። በሕይወት ብትኖር ስሟን ለትል መስጠት ቀልድ ነው፣ ያስቃል። ሞታ ግን... ለእትዬ እንኳ መናገር አልቻልኩም። ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያም ሁለት እሑድ ደወለ። ደህና ናት አልኩ። ደህና ናት አልኩ። እሱ ሳይመለስ አርባዋ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቅዳሴ አስቀደስኩ፣ እንጀራና ወጥ ለሰው አቀረብን፣ ያን ሁሉ ያለ ታላቅ ልጇ።

መጋቢት ላይ ተመለሰ። ኤርፖርት ልቀበለው የምሄድ ቀን እትዬ ጠዋት መጥተው ጥቁር ልብሴን አስወለቁኝ። «በል ጢምህን ተላጭ፤ ፊትህን ካየው እዚያው ያውቃል» አሉኝ። ከመርዶው ቀን ጀምሮ አልተላጨሁም ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ተላጨሁ። ቀይ ሹራብ ለበስኩ። ወንድሜ ደግሞ በሩ ሲከፈት ብቅ ያለው በጢም ነበር፤ መርከብ ላይ ምላጭ ማን ያየዋል። ሐዘንተኛው እኔ ተላጭቼ፣ ምንም ያልሰማው እሱ ጎፍሮ ተቃቀፍን።

«ምነው ከሳህ? ማን አስራበህ?» አለኝ።

«ሺፍት በዝቶብኝ ነው።»

ባቡር ውስጥ ደብተሩን አውጥቶ ሥዕሎቹን አሳየኝ። ትሉን ከጎን፣ ከላይ፣ ጭንቅላቱን ብቻ። ሰው እየገባ ይወጣል፣ እሱ ያወራል። ለእማዬ የሚልክላትን ሥዕል በተለየ ወረቀት ሥሎ ቀለም ቀብቶት ነበር፣ ጸጉሩን በቢጫ። «ሱቋ ላይ ትሰቅለዋለች» አለ። እኔ መስኮቱን ነበር የማየው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መጡ። ልከፍት ስነሣ ቀደመኝ። በሩን ሲከፍት እየሳቀ ነበር፣ እንኳን ደህና መጣህ ሊሉት የመጡ መስሎት። «ምነው በሌሊት፣ ስጦታ ያመጣሁ መሰላችሁ እንዴ? ከበረዶ በቀር ምንም የለም እኮ...» አለና የእትዬን ነጠላ አየ። ወደ እነሱ አልነበረም የዞረው። ወደ እኔ ነው የዞረው። ፊቴን አየ። ማወቄን አየ።

ለቅሶው ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰዉ ሻይ ሲጠጣ፣ ቀስ ብሎ «መቼ?» ብሎ ጠየቀ። አባባ ቀኑን ነገሩት። ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥር አየሁት። የመጀመሪያው እሑድ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ምንም አላለም።

ምንም ያላለው ለሁለት ወር ነው። አንድ ቤት እየኖርን። ጨው የት አለ፣ ቁልፉን ከውጭ ተወው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ልኳል፣ እንዲህ ዓይነቱን ብቻ። ማሙሽ ብሎ መጥራት ተወ። እኔም እናቴን ቀብሬ አልቀበርኳትም። ማልቀስ የምፈልገው ከእሱ ጋር ነበር። ጓደኛ ያጽናናል፣ ሽማግሌ ያጽናናል፤ አንድ እናት ያጠባችው ሰው ግን ሌላ ነው። እሱን የማጣ መሰለኝ። እናቴን አጣሁ፣ አሁን ደግሞ እሱን፣ በገዛ አፌ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ስልክ ተደወለ። ሙዚየም ያሉት የወንድሜ አለቃ ነበሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እንግሊዛዊት። ትሑት ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ወንድምህ ቢሮ ይመጣል፣ ብልቃጡን ፊቱ አስቀምጦ ይውላል፣ አንድ መስመር አይጽፍም፤ ሌላ አገር ያሉ ሰዎችም በዚያው ባሕር ላይ እየሠሩ ነው፣ ከቀደሙት ትሉ የእነሱ ይሆናል፤ ታሟል ወይ? አሉኝ። ከዚያ «እናታችሁስ በስሟ ትል መሰየሙን ስትሰማ ምን አለች?» ብለው ሳቅ አሉ።

ለሥራ ባልደረቦቹ አልነገራቸውም ማለት ነው። እሱም ደብቆ ይዞታል።

ሦስት ጊዜ ደህና ናት ያልኩበትን ስልክ ነበር በእጄ የያዝኩት። «ሞታለች» አልኳቸው። «እሱ መርከብ ላይ እያለ ሞተች። እኛ ደበቅነው።» እንግሊዝኛዬ እንዲህ ላለ ነገር አይበቃም፤ ባጭሩ ነው የተናገርኩት። ከዚያ አመሰገኑኝ።

በማግሥቱ ወንድሜ ካፖርቱን ሳያወልቅ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«አንተ ነህ የነገርካቸው?»

«አዎ።»

«በስልክ?»

«በስልክ።»

ሳቀ። ጥሩ ሳቅ አልነበረም። «ለፈረንጅ በስልክ ይነገራል። ለእኔ ግን አይነገርም። ለልጇ አይነገርም!»

«እትዬ ናቸው...»

«እትዬን ተዋቸው! እትዬ ያወቁትን ነው ያደረጉት። አንተ ስሟን እንደጻፍኩ ነገርኩህ። ትል ላይ! እናቴ አፈር ውስጥ እያለች በእጄ ጽፌ ትል ጋር ከተትኳት፣ መርከቡ ሁሉ አጨበጨበልኝ፣ አንተ ምን አልከኝ? ምን አልከኝ በላ?»

ያልኩትን ራሱ ያውቀዋል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፣ አፍሬም አላቆምኩም። ቆሞ አየኝ። በመጨረሻ ከካፖርቱ ጋር አጠገቤ ተቀመጠ። አላቀፈኝም። ግን ተቀመጠ። «እንዴት ነበር የሞተችው? አጎቴ ያለውን ሁሉ ንገረኝ» አለ፣ እኔም የማውቀውን ነገርኩት። ስለ ክሩ ስነግረው «ምን ዓይነት ቀለም?» አለ። አላውቅም ነበር።

የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ ሙዚየም ወሰደኝ። ምድር ቤቱ አልኮል አልኮል ይሸታል፣ ግድግዳው ሁሉ ብልቃጥ ነው። ትሉን በትንሽ ሳሕን ላይ አድርጎ ማይክሮስኮፑን አስተካከለልኝ። ከጥፍሬ አይበልጥም። አንጓ አንጓ ነው፣ ጎንና ጎኑ ላይ የወርቅ ክር የመሰለ ጸጉር ተሰድሯል። ጀርባው ላይ ቅርፊት ነበረው፤ ከዚያ ጥልቀት ሲወጣ ግን አብዛኛው ይረግፋል አለኝ። «ታዲያ ስንት እንደነበረ እንዴት ታውቃለህ?» አልኩት። «የወደቀበት ቦታ ጠባሳ አለ። ጠባሳው ነው የሚቆጠረው።» እሱ ማይክሮስኮፑ ላይ ሆኖ ይቆጥራል፣ እኔ ወረቀት ላይ እጽፍለታለሁ፣ እስከ ምሳ እንደዚያ ዋልን። ዓይን የለም፣ አለ። የለም ብዬ ጻፍኩ።

«ስሙስ?» አልኩት ስንጨርስ።

«የባሕሩን ስም እሰጠዋለሁ።»

«የእማዬን ተወው?»

«በሕይወት ሳለች ብሰይምላት ትስቅ ነበር። አሁን ማን ይሳቅ?»

ስም የሚጸናው ታትሞ ሲወጣ ስለሆነ መለወጥ ይችላል። መርከብ ላይ የጻፈውን ወረቀት በወረንጦ ከብልቃጡ ሊያወጣው ሲል፣ አለቃው ከጠረጴዛቸው ተነሡ። እኔ ሁሉንም አልሰማሁም፣ በኋላ ነው የተረጎመልኝ። ደንብ አለ አሉት። መጀመሪያ የተጻፈ ወረቀት ከብልቃጥ አይወጣም፤ ስህተት ቢሆንም አይወጣም። አዲሱ ተጽፎ ከጎኑ ይጨመራል። ተከራከራቸው፣ ፊቱ ቀላ። እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ቆሙ። በመጨረሻ አዲሱን በእርሳስ ጽፎ አብሮ ከተተው። ሁለቱም እዚያ አሉ። እሱ በዚህ አልተደሰተም። እኔ ደስ ብሎኛል፣ ግን ነግሬው አላውቅም።

ጽሑፉ በዓመቱ ታተመ። የባሕሩ ስም ነው ያለበት። የእማዬ ስም በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት የለም፣ ያ በእኔ ምክንያት ነው። ለኔ ቢሆን፣ አፈርም ቢባል ትልም ቢባል፣ ይቀመጥላት ነበር የምለው። ትሉን አይቼዋለሁ፤ የመቃብር ትል አይደለም። ሰው የማይቀበርበት ቦታ የሚኖር ነው።

ወንድሜ አግብቶ ቶተንሃም ገባ። ተስማምተናል፣ እንበላለን፣ እንቀላለዳለን። ማሙሽ ማለትም ጀምሯል። የአገር ቤት ወሬ አሁንም በእኔ በኩል ነው የሚመጣው፤ አጎታችን አርጅቷል፣ የሚደውለው ለእኔ ነው። እሑድ እሑድ ወንድሜ ይደውላል።

«ቤት ሁሉም ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

ዝም ይላል። ከኬኒንግተን እስከ ቶተንሃም ክፍተት የለም፣ ድምፅ ወዲያው ነው የሚደርሰው። እሱ ግን ዝም ይላል።

«እውነት?»

«እውነት።»

«ማሙሽ፣ እውነትህን ነው?»

እውነቴን ነው። ግን ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ እንዲያምነኝ ምን ብዬ እንደምመልስለት አላውቅም።